የጣና ዳር የብስክሌት መንገድ በግሬደር አይሠራ

ባሕር ዳር ሰው ለሥራም፣ ለገበያም፣ ለትምህርት ቤትም ብስክሌት የሚነዳባት ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳ ስለሆነ ማርሽ የሌለው ብስክሌት እንኳ ባለቤቱን አያሳፍርም። ከከተማዋ ወጥቶ በሐይቁ ዳር ወደ ዘጌ፣ ወይም ዓባይን ተከትሎ ወደ ጢስ ዓባይ ሲኬድ ግን አገሩ ሌላ ነው፤ ቀይ አፈር ያለው ተዳፋት፣ የዋልካ ሜዳ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ የግራር እሾህ፣ ከዚያም የዘጌ የቡና ጫካ። በጎጃም ለተራራ ብስክሌት ከዚህ የተሻለ የሐይቅ ዳርቻ የለም።

ስለዚህ በጣና ዳር የተራራ ብስክሌት መንገድ ይሠራ የሚለውን ሐሳብ እደግፋለሁ። የሚያሰጋኝ አሠራሩ ነው። በእኛ አገር መንገድ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ግሬደር ነው፤ ስድስት ሜትር ይጠረጋል፣ ግራና ቀኝ ቦይ ይወጣለታል፣ ገረጋንቲ ይለብሳል። የተራራ ብስክሌት የሚነዳ ሰው የሚፈልገው 60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ የተራራውን ጎን ይዞ የሚጠማዘዝ ቀጭን መንገድ ነው። ሰፊው ለእሱም አይጠቅም፣ ዳርቻውንም ያጠፋል።

የሚያጠፋው በውሃ ነው። የባሕር ዳር አካባቢ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከብት በየቀኑ የሚወርድበትን ቀጥ ያለ የመንደር መንገድ ልብ ብሎ ማየት ይበቃል። ሰኮናው አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፣ ውሃው መስረግ ያቆምና መሐሉን ይዞ ይወርዳል። በመጀመሪያው ክረምት ቀጭን ፈለግ ይወጣል፤ በሁለተኛው ቁርጭምጭሚት ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ ሰውም ከብትም እሱን ትቶ ዳር ዳሩን መሄድ ስለሚጀምር ጎኑ ላይ ሌላ ፈለግ ይከፈታል። ጥቂት ዓመት ሲቆይ መንገዱ ቦረቦር ሆኖ ይቀራል፤ አፈሩም የሚያርፈው ጣና ውስጥ ነው። ሐይቁና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ተፈጥሮውና የሰው ኑሮ አብረው የሚጠበቁበት ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እምቦጩና ደለሉ ያስጨነቀው ሐይቅ ላይ ሌላ ደለል መጨመር ለማንም አይበጅም።

መፍትሔው ሁለት ልኬት ላይ ይቆማል። አንደኛ፣ የመንገዱ ዳገት ከተራራው ጎን ተዳፋት ግማሽ አይበልጥም። ጎኑ በ10 ሜትር 1.6 ሜትር የሚወርድ ከሆነ መንገዱ በ10 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ መውጣት የለበትም። ከዚህ ካለፈ ውሃው መንገዱን አቋርጦ መውረዱን ይተውና መንገዱን ተከትሎ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ተዳፋቱ የቱንም ያህል ቢሆን የመንገዱ አማካይ ዳገት ከ10 በመቶ አይለፍ።

ይህን ለመለካት የውጭ ባለሙያ አያስፈልግም። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ በተፋሰስ ሥራ እርከን የሚቀይሰው ገበሬና የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መሣሪያውን ያውቁታል፦ ምልክት ያለባቸው ሁለት እንጨቶች፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ መሐሉ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ። ለእርከን ሲባጎው በሁለቱም እንጨት ላይ እኩል ከፍታ ይታሰራል። ለብስክሌት መንገድ ግን ወደ ታች ባለው እንጨት ላይ በ150፣ ወደ ላይ ባለው ላይ በ80 ሳንቲ ሜትር ይታሰር። የላይኛውን እንጨት የያዘው ሰው ውሃ ልኩ መሐል ላይ እስኪቆም ድረስ ጎኑን ወደ ላይና ወደ ታች ይፈልጋል፤ ሲቆም ችካል ይተክላል። በሁለቱ ችካሎች መካከል ያለው ዳገት 7 በመቶ ነው ማለት ነው። ሦስት ሰው በዚህ መንገድ በአንድ ጠዋት ብዙ ርቀት ይቀይሳል።

ቁፋሮው ላይ ብዙ ቦታ የሚበላሸው አንድ ነገር ነው። ሠራተኛው ለመቅለል ሲል የመንገዱን ግማሽ ከተራራው ይቆርጥና ግማሹን በተቆፈረው አፈር ይሞላዋል። ሙሌቱ ክረምት ሲገባ ይሰጥማል፣ ጠርዙ ይናዳል፣ ጎማ ሲያርፍበት ነጂውን ቁልቁል ይዞት ይሄዳል። ሙሉ ስፋቱ ካልተነካው መሬት ላይ መቆረጥ አለበት፤ የወጣው አፈር ታች ባለ ቦረቦር ውስጥ ወይም በሣሩ ላይ ሳስቶ ይበተን። ከዚያ መንገዱ ወደ ታችኛው ጠርዝ ትንሽ ያዘንብል፤ ለ90 ሳንቲ ሜትር ስፋት 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፣ ውሃው በስሱ ተሻግሮ እንዲወርድ።

ማዘንበሉ ብቻውን ግን አይዘልቅም፤ ጎማ መሐሉን እያጎደጎደ ሲሄድ ውሃው ተመልሶ ይሰበሰባል። ለዚህ ነው በየ15 ወይም 20 ሜትሩ መንገዱ ጥቂት ወርዶ መልሶ መውጣት ያለበት። ወደ ዝቅታው መግቢያው 3 ሜትር ያህል፣ መውጫውም እንደዚያው፣ ጥልቀቱ ከጉብታው ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ በታች በኩል አፉ አንድ ሜትር ተኩል ተከፍቶ ይተው። በዚህ ፋንታ ግንድ አጋድሞ ወይም ጠባብ ቦይ ቆርጦ ውሃ ለመመለስ የሚሞክር አለ። ቦዩ በሁለት ዝናብ ይደፈናል፤ ግንዱን ደግሞ ነጂው እየሸሸ በጎኑ ሲያልፍ አዲስ መንገድ ይከፍታል።

በእርሻ መካከል ሲያልፍ ፈሰስን ማክበር ግድ ነው። የጎጃም ገበሬ ከጤፍ ማሳው ትርፍ ውሃ የሚያስወጣበትን ፈሰስ በበሬ አግድም አስቦ ነው የሚያወጣው። መንገዱ ፈሰስ አፍ ላይ ከተደገነ የማሳው ውሃ ሁሉ ይገባበታል፤ መንገዱ ፈሰሱን ከደፈነው ደግሞ ጤፉ ይበሰብሳል፣ ጠቡም ትክክለኛ ጠብ ይሆናል። መሻገሪያው ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከፈሰሱ ወለል እኩል ተነጥፎ ውሃው እንዳመጣጡ ይለፍ። ቅየሳው ላይ ባለማሳው ራሱ መኖር አለበት፤ መሥመሩም በወሰን ላይ እንጂ በማሳ መሐል አይሂድ።

ዋልካ ሌላ ጣጣ ነው። ሲርስ በጎማና በሹካው መካከል እየተጠቀጠቀ መሽከርከሩን ያቆማል፤ ነጂው በግድ ሲረግጥ የኋላው ማርሽ መለወጫ ይጎብጣል። ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ስንጥቅ የፊት ጎማን ይይዛል። የተሻለው ዋልካውን ዞሮ ማለፍ ነው። ካልተቻለ ግራና ቀኝ ቦይ ወጥቶ፣ መሐሉ በድንጋይ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ድንጋዩ አካባቢው የሞላው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ነገር ግን ጠፍጣፋ ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ከተኛ ይገለበጣል። በቁሙ ሁለት ሦስተኛው መሬት ውስጥ ገብቶ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቆ መተከል አለበት።

ከውሃው ጋር መጠጋትም ልክ አለው። ጣና በመስከረምና ጥቅምት ይሞላል፣ እስከ ግንቦትና ሰኔ ይሸሻል፤ ከጫራ ጫራ ግድብ የሚለቀቀው ውሃም ከፍታውን ይለውጠዋል። በበጋ ደረቅ መስሎ የሚታየው ዳርቻ ላይ የተቀየሰ መንገድ ክረምት ሲወጣ ውሃ ውስጥ ይገኛል፤ ደንገሉንም ይጎዳል። መንገዱ ከደንገሉ በላይ ባለው ደረቅ ተዳፋት ይሂድ፤ ሐይቁ ከዚያ ላይ የበለጠ ይታያል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ስለሚወጣ፣ ያ ክፍል ከፀሐይ መጥለቅ በፊት መዘጋት አለበት።

ዘጌ ላይ አዲስ መንገድ ጨርሶ ባይቆፈር እመርጣለሁ። ገዳማቱ ማረስንና ከብት ማርባትን በመከልከላቸው ነው ያ ጫካ እስከ ዛሬ የቆየው፤ ሕዝቡ የሚኖረው በቡናውና በጌሾው ነው። ነባሮቹ የእግር መንገዶች ይበቃሉ፤ እነሱንም አፈሩ ታጥቦ የቡና ሥር የወጣባቸውን ቦታዎች በድንጋይ ደግፎ መጠገን ያስፈልጋል። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም ሆነ ወደ አዝዋ ማርያም የሚሄድ ሰው ከቅጥሩ ራቅ ብሎ ብስክሌቱን ያቁም፣ በእግሩ ይግባ። ይህ ገዳማቱ የሚወስኑት ነው፤ እንቢ ካሉም መንገዱ ከጫካው መግቢያ ላይ ያብቃ።

ለነጂዎች አንድ ነገር ልጨምር፣ በዚህ ዳርቻ ቀን የሚያበላሸው ጎማ ነውና። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው የውስጥ ጎማ ባለው 2.2 ኢንች ጎማ ከ30 እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይሙላ። ከዚያ በጣም ካነሰ ድንጋይ ሲመታው የውስጥ ጎማው በቸርኬው ይቆነጠጣል፤ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ከተገኘ ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ እሾህ ነው፤ አዲሱ ከመግባቱ በፊት የውጭውን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ዳብሶ የተሰበረውን ጫፍ ማውጣት ያስፈልጋል፣ አለዚያ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያው ነው። ያለ ውስጥ ጎማ የሚነዳ ሰው ቀዳዳ ደፋኙን ፈሳሽ ለእያንዳንዱ ጎማ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ያድርግ፤ በሙቀቱ ስለሚደርቅ በየሁለት ሦስት ወሩ ይየው። የሞተር ዘይት ሰንሰለት ላይ አይደረግ፤ የበጋውን አቧራ ይዞ ጥርሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ያለበትን ግጭት ረስቼ አይደለም ይህን የምጽፈው። ሰላም ሳይወርድ ሰውን በጫካ መንገድ ንዳ ማለት አይቻልም። ቅየሳውና ከባለመሬቱ፣ ከገዳማቱ ጋር መመካከሩ ግን ገንዘብ አይፈጅም፣ ጊዜም ይወስዳል። ሁኔታው ሲፈቅድ ቆረጣው ሰው በሚገኝበት በጥር ይሁን፤ አፈሩ ያኔ ደረቅ ስለሆነ አይጠቀጠቅም፣ ስለዚህ የተቆረጠውን ወለል የሚያጠነክረው ጥቅጠቃ የግንቦትን የመጀመሪያ ዝናብ ይጠብቅ። ክረምቱን ሙሉ ለብስክሌት ተዘግቶ ውሃው የት እንደሚቆም ይታይ፣ ይታረም፣ በጥቅምት አጋማሽ ይከፈት። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘጋ፤ በእርጥብ አፈር ላይ የወጣ የጎማ ፈለግ ሲደርቅ ይጠነክርና ለሚቀጥለው ዝናብ ቦይ ይሆናል።

ጥገናውን ለጎብኚ ድርጅት ወይም ለከተማ አትስጡት። በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር እዚያው ከሚኖሩት ሁለት ሰው ይመደብ፤ ሥራቸው ከከባድ ዝናብ በኋላ በአካፋ የዝቅታዎቹን አፍ ከደለል መጥረግ ነው፣ ለአንዱ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ደመወዛቸው ከነጂዎች በሚሰበሰበው ክፍያ ይሸፈን። ገንዘቡ የሚሰበሰበው በበጋ፣ ሥራው የሚበዛው በክረምት ስለሆነ ግማሹ ከሰኔ በፊት በእጃቸው ይግባ፤ አለዚያ ሐምሌ ላይ አካፋውን የሚያነሳ አይገኝም።