ለ«ሰው አትይ» የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ወር ለ3 ሳምንት አልጋ ላይ ነበርኩ። ሞት አፋፍ አልደረስኩም። ግን ከአልጋዬ እስከ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ተደግፌ ነበር የምሄደው። በ4ኛው እሁድ እንደ ምንም ብዬ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በር ላይ የሚቆመው ወንድም እጄን ይዞ፣ «አንተ! ጠፋህ እኮ! ኅብረት ማቋረጥ ጥሩ አይደለም» አለኝ።

ታምሜ ነበር አልኩት።

«ውይ! ማን አወቀ?»

መላው ግሩፕ አውቋል። 31 የተጣመሩ እጆች ተልከውልኛል፣ የእሱን ጨምሮ። እጆቹ እንደተጣመሩ ስለቀሩ ይሆናል በር ማንኳኳት ያቃታቸው። ብቻ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር ብሎኛል አልኩት። ያኔ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ መድኃኒቷን ሰጠኝ።

«ወንድሜ፣ ሰው አትይ። ጌታን እይ።»

መቼም ያልቀመሳት የለም። እኔ ዛሬ ላመሰግናት ነው የተነሣሁት። እንዲህ ያለ መድኃኒት የት ይገኛል? ምርመራ አትፈልግም። የት ላይ ነው የሚያምህ አይባልም። ወንድሙ ገንዘብ ተበድሮት ለተሰወረበትም፣ አንድ ቃል ሳይነገረው ከመዘምራን ስሙ ለተሰረዘም፣ ቀብር ላይ ብቻውን ለቆመም ያው አንዲት ፍሬ ናት። ደግሞ ጎን ለጎን ሁለተኛ ሰው ትፈውሳለች። የዋጠው ሰው ሕመሙ ባይለቀውም፣ የሰጠው ሰው ወዲያው ቅልል ይለዋል።

የኢዮብ ወዳጆች ይህችን ሳያውቁ መኖራቸው ያሳዝነኛል። ሰውዬው ልጆቹን ቀብሮ፣ በቁስል ተመትቶ አመድ ላይ ሲቀመጥ፣ መጥተው 7 ቀንና 7 ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ቃል አልተናገሩም። የሰባት ቀን ሥራ ፈትተው! የኛ ሰው በ7 ሴኮንድ ጨርሶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ኋላ ላይ እነሱም አፋቸውን ከፍተው የኛን ሰዎች መምሰል ጀምረው ነበር። እግዚአብሔር ግን ተቆጣቸው። ቁጣው ያለው መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስለሆነ ብዙ አንባቢ እዚያ ድረስ አይዘልቅም።

የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ገና ጀማሪ ነበረች። መበለቶቻችን በዕለቱ እደላ ችላ ተባሉ የሚል ማንጎራጎር ሲነሣ፣ ሐዋርያት «ሴቶቹ ሰው አይዩ» ብለው መዝጋት ይችሉ ነበር። እነሱ ሕዝቡን ሰብስበው 7 ሰዎች አስመረጡ። ለአንድ ቅሬታ ሰባት ሰው! ዛሬ ለሰባት ቅሬታ አንድ ሰው ይበቃል፣ እሱም በር ላይ የሚቆመው ነው።

ጥቅስም አላት ታዲያ። «በሰው የሚታመን ርጉም ነው» ይሉሃል፣ ከኤርምያስ 17። ጥቅሱ «ልቡም ከእግዚአብሔር የሚመለስ» ብሎ ይቀጥላል፣ ግን ሁልጊዜ መንገድ ላይ ያወርዱታል።

እኔ ታዛዥ ሰው ነኝ። በሚቀጥለው እሁድ ምክሩን ቃል በቃል ሥራ ላይ አዋልኩት።

በር ላይ ያ ወንድም እጁን ዘረጋ። ሰው ነው፣ አላየሁትም። እጁ አየር ላይ ቀረ። አስተናጋጇ ወደ መካከለኛው ረድፍ ጠቆመችኝ። እሷም ሰው ናት፣ አለፍኳት። ወንበር ስፈልግ ግን ተቸገርኩ። ሰው የማያይ ሰው የተያዘውን ወንበር ከባዶው በምን ይለያል? አንድ ትልቅ ሰው ጭን ላይ ልቀመጥ ስል «ኧረ ወንድም!» አሉኝ። መስማት አልተከለከለም፣ ተነሣሁ። መዘምራኑ አዲስ ልብስ ለብሰው ወጡ፣ አሉ። እኔ የት አይቼ። ከዚያ ሰባኪው መጣና እውነተኛው ጭንቅ ጀመረ። ሰባኪ ሰው ነው? አንዳንዱማ ያጠራጥራል። ለጥንቃቄ ብዬ ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ አዳመጥኩ። ከግራ ሦስተኛው አምፖል ተቃጥሏል። ስብከቱ ስለ ፍቅር ነበር፣ 50 ደቂቃ። አንገቴ ደረቀ።

የመባ ከረጢት ደረሰ። ከረጢት ሰው ስላልሆነ ይታያል። ግን በራሱ እየበረረ አይመጣም፣ የያዘው ሰው አለ። ያዡን ሳላይ ከረጢቱን ለይቼ ማየት ሞከርኩ። አይቻልም፣ ጣቱ ይታያል። ሁለቱንም ተውኳቸው። ከረጢቱ ግን ፊቴ ቆመ። ቆየ። ትንሽ ነቅነቅ አለ። እንደገና ቆየ። አልጋ ላይ በነበርኩበት 3 ሳምንት እንዲህ በትዕግሥት አጠገቤ የቆመ ፍጡር አልነበረም፣ ልቤ ተነካ። በመጨረሻ ማስታወቂያ ተነገረ። ወንበር የምታነሡ ወንድሞች ቅሩ ተባለ። እኔ ከወንበር አንሺዎቹ አንዱ ነኝ፣ ስንት ዓመቴ። ግን እኔም ሰው ነኝ። ራሴንም ሳላይ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማክሰኞ ከሽማግሌዎች አንዱ ጠሩኝ። ፊታቸው ጠቁሯል። «ምን ሆነሃል? ሰውን እንደ ግንድ ታልፋለህ እንዴ? እኛም ሰው ነን፣ ይሰማናል!»

«ሰው አትይ ስለተባልኩ ነው» አልኳቸው።

«እሱማ ለሌላ ነገር ነው» አሉኝ።

ለካ መድኃኒቷ ለአንድ ወገን ብቻ ናት። ወዲህ ሲሆን ሰው አይታይም፣ ወዲያ ሲሆን ሰው ይሰማዋል።

አንዲት ልጅ አውቃለሁ። በጸሎት ቡድኗ ፊት የትዳሯን ጉዳይ አልቅሳ ተናገረች። ወሬው «ለጸሎት ያህል ነው የምነግርሽ» እየተባለ ከአፍ ወደ አፍ ዞሮ ባሏ መሥሪያ ቤት ደረሰ። ማን አወራ ብሎ የጠየቀ የለም። እሷን ግን ጠርተው ይቅር በዪ አሏት። ማንን? ይቅርታ የጠየቃት አለ? ሰው አትዪ አሏት። እዚህ ላይ አልቀልድም። ይሄ ምክር አይደለም፣ አፍ ማስያዣ ነው። የበደለውን ደብቆ የተበደለውን መምከር ነው። ጌታን እይ ትሉናላችሁ። እሱ እኮ «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ሲል በር ላይ ቆሞ አልነበረም። አልጋው ላይ ተኝቶ ነበር፣ እናንተ ያልመጣችሁበት አልጋ ላይ። ልጅቷ አሁን እሁድ እሁድ ቤቷ ትውላለች። ስለ እሷ ሲወራ «በሰው ተሰናክላ ጌታን ተወች» ይባላል። ይህም ለጸሎት ያህል ነው።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ቅዳሜ ማታ ስልኬ ጠራ። ያ የበሩ ወንድም ነው። እንዴት ነህ፣ ጤናህስ አላለኝም። ለነገሩ ሰው አይታይም።

«ወንድሜ፣ ነገ ትልቅ ጉባኤ አለብን። ወንበር የሚደረድር አጥተን ተጨንቀናል» አለኝ። «እባክህ፣ ሰው አጣን።»

እንዲደግምልኝ ጠየቅሁት።

«ሰው! ሰው አጣን!»