ይድረስ ለሎሚ ዛፌ ደባል፣ ለክብርት ወይዘሮ ጥጥ ለባሽ (ጭማቂ መጣጭዋ ተባይ)

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከሎሚ ዛፌ ሐዘን በቀር ደህና ነኝ።

የእርስዎ ደህንነት እንኳ ከነጭ ቀሚስዎ ያስታውቃል። መጀመሪያ ሳይዎት ቅርንጫፉ ላይ ጥጥ የተጣበቀ መስሎኝ ነበር። ለካ የእንቁላል ከረጢት ኖሯል! እስከ 1000 እንቁላል ይይዛል አሉ። ባልም አያስፈልግዎትም፤ ራስዎን በራስዎ ያስረግዛሉ። ሠርግ የለ፣ ድግስ የለ። ቁጠባ ከእርስዎ ወዲያ!

አገርዎ አውስትራሊያ ነው። በችግኝ ተሳፍረው ዓለምን አዳርሰዋል። እኔም ጋ የገቡት በስጦታ ችግኝ ነው። ቅጠሉን ገልብጬ ሳላይ የተከልኩት ራሴ ነኝ። (እንግዳ ሲመጣ ጀርባውን ማን ያያል?)

የዛፉን ጭማቂ መምጠጥዎ ሳያንስ፣ ጣፋጭ ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ። ቅጠሉ ይጣበቃል፣ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ይወርሰዋል። ጉንዳኖቹ ያቺን ጠብታ ለመላስ ሲሉ ዘበኛ ሆነውልዎታል። ጠላትዎ ሲጠጋ ያባርራሉ።

ጠላትዎን መቼም አይረሷትም። ቬዳሊያ የምትባለው ቀይና ጥቁር ጥንዚዛ ናት። የካሊፎርኒያን ብርቱካን ሊጨርሱት ሲሉ፣ አልበርት ኮቤሌ የተባለ ሰው በ1888 እ.ኤ.አ. ከገዛ አገርዎ ፈልጎ ላካት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አደብ ገዙ።

እኔ ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? መርዝ ረጨሁ። ጥንዚዛዎቹ ረገፉ። እርስዎ በሰም ካባዎ ተጀቡነው ቀሩ። በ1940ዎቹ ዲዲቲ የረጩት የካሊፎርኒያ ገበሬዎችም እንዲሁ ነው የሆኑት፤ ጥንዚዛዋ አለቀች፣ እርስዎ ተመለሱ። በሞኝነቴ ብቻዬን አለመሆኔ ትንሽ አጽናንቶኛል።

አሁን ግን መርዙን ቆልፌበታለሁ። ግንዱን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጨርቁን የሚያጣብቅ ነገር ቀብቼዋለሁ። ለዘበኞችዎ ነው። አጥሩን የነካውንም ቅርንጫፍ ቆርጫለሁ፤ አለበለዚያ በዚያ ዞረው ይመጣሉ፣ ብልጦች ናቸው። ክፉኛ የወረሩትን ቅርንጫፍ በከረጢት ቋጥሬ አስወጥቻለሁ። ገና ጥጥ ያልደረቡትን ልጆችዎን ደግሞ በሳሙና ውሃ አጥባቸዋለሁ። ከቅጠሉ ሥር ነው የምጀምረው፤ መደበቂያቸውን ደርሼበታለሁ።

ትናንት ጠዋት አንዲት ቀይ ጥንዚዛ ቀሚስዎ ላይ ቆማ አየሁ። እንቁላሏን እዚያው ነው አሉ የምትጥለው። እንግዳ መቀበሉን ከእንግዲህ ለእርስዎ ትቻለሁ።

አክባሪዎ፣
የሎሚ ዛፉ ባለቤት ነኝ ባይ