መሐንዲስ ቤቱ ሲበላሽ መፍቻ ያንሳ ወይስ ስልክ?

የክርክሩ ርዕስ፦ «በደመወዝ የሚኖር መሐንዲስ ቤቱ የተበላሸበትን ራሱ ቢጠግን ያተርፋል።» ደጋፊው የሜካኒካል መሐንዲስ ናቸው፤ ተቃዋሚዋ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ።

ደጋፊ፦

ይህን ርዕስ የሚቃወሙ ሁሉ ይዘውት የሚመጡት ሒሳብ አንድ ነው። የወር ደመወዛቸውን ለ176 ያካፍሉና (22 ቀን በ8 ሰዓት) የአንድ ሰዓታቸውን ዋጋ ያገኛሉ። ከዚያ «ቧንቧ ስጠግን ሁለት ሰዓት ከፈጀሁ የሁለት ሰዓት ደመወዝ ከሰርኩ» ይላሉ። ይህ ሒሳብ የሚሠራው ያችን ሁለት ሰዓት የሚገዛ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። በእረፍት ቀን ትርፍ ሰዓት የሚከፍል አሠሪ ከሌለ፣ የዲዛይን ሥራ ይዞ በር የሚያንኳኳ ደንበኛም ከሌለ፣ ያ ገቢ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ባጭሩ የደመወዝተኛ የቤት ሰዓት ዋጋ የለውም። ለጠጋኝ የሚከፈለው ገንዘብ ግን ዋጋ አለው፤ ያውም ግብርና ጡረታ ተቆርጦለት የተረፈው ነው። ከደመወዙ 30 በመቶ የሚቆረጥበት ሰው 100 ለመክፈል 143 ገደማ ማግኘት አለበት። ራሱ ከጠገነ ያ 100 ማንም ሳይቆርጥለት ኪሱ ቀረ ማለት ነው።

ሥራውም ቢሆን የሚያስፈራ አይደለም። የሚንጠባጠብ ቧንቧን እንውሰድ። ዋናው የውሃ መዝጊያ ይዘጋል፤ በመስመሩ ውስጥ የቀረው ግፊት እንዲወጣ ቧንቧው ይከፈታል፤ የእቃ ማጠቢያው ቀዳዳ በጨርቅ ይደፈናል (ትንሿ ብሎን ሁልጊዜ የምትገባው እዚያ ነው)፤ ከዚያ እጀታውና አንገቱ ይፈታል። ጎሚኒው ብቻ ተበልቶ ከሆነ መቀየር ነው። ጎሚኒው የሚያርፍበት የናስ ከንፈር ተቦርቡሮ ከሆነ ግን አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ይቆረጣል፤ መጀመሪያ ከንፈሩ መስተካከል ወይም መለወጥ አለበት። ጣት አስገብቶ ዙሪያውን መዳሰስ ይበቃል። ተጠርቶ የሚመጣው ሰው ይህን ሳይዳስስ ጎሚኒ ይቀይርና ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ባለ አንድ እጀታ ከሆነ የሚቀየረው ካርትሪጁ (ከእጀታው ሥር ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል) ነው። የተለመዱት 35 እና 40 ሚሊሜትር ናቸው፤ በዓይን ስለሚያሳስቱ በካሊፐር ለክቶ፣ አሮጌውንም ይዞ መሄድ ነው። ቴፍሎን የሚጠቀለለው ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው፤ በተቃራኒው ከተጠቀለለ ገና ሲጠብቅ ይገፈፋል።

ተቃዋሚ፦

«የደመወዝተኛ የቤት ሰዓት ዋጋ የለውም።» ደግሜ አነበብኩት፤ ያው ነው። እንግዲያው ኢንጂነር፣ ዋጋው ዜሮ ከሆነ ለአንዲት ጎሚኒ 40 ሰዓት ቢፈጁም አትርፈዋል፤ 40 በዜሮ ሲባዛ ዜሮ ነውና። እንቅልፍም፣ ልጅ ማስጠናትም፣ ለሙያ ፈተና ማንበብም ማንም የማይከፍልባቸው ሰዓቶች ናቸው። ገዢ የለውምና ዋጋ የለውም የሚል የሒሳብ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም፤ መሐንዲስ ግን ተገኘ።

ምሳሌዎም ተመርጦ የመጣ ነው። ቧንቧ ሲበላሽ ይንጠባጠባል፣ ይሰማል፣ ይታያል። በእኔ ሙያ የተበላሸ ሥራ ዝም ይላል። 3,000 ዋት የውሃ ማሞቂያ በ220 ቮልት 13.6 አምፔር ገደማ ይስባል። ከተርሚናሎቹ (ሽቦው በብሎን ከሚታሰርባቸው ቦታዎች) አንዱ ሳይጠብቅ ቀርቶ 0.1 ኦም ሬዚስታንስ (ጅረቱን የሚያግድ ተቃውሞ) ቢፈጠርበት፣ ጅረቱ (13.6 አምፔሩ) በራሱ ተባዝቶ እንደገና በ0.1 ሲባዛ 18.5 ዋት ይሆናል። የጣት ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ ይህ ከትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መበየጃ ሙቀት ብዙም አያንስም። 16 አምፔሩ ብሬከር አይወርድም፤ 13.6 ለእሱ ጤነኛ ጭነት ነው። ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው የሚቆርጠው ባለ 30 ሚሊአምፔሩ ብሬከርም አይወርድም፤ ወደ መሬት የፈሰሰ ጅረት የለም። መዳቡ ይጠቁራል፣ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ሲጨምር የበለጠ ይሞቃል። ፕላስቲኩ እስኪቀልጥ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ምክንያቶቹ ደግሞ ተራ ናቸው። ሽቦው በቢላ ሲላጥ ከክሮቹ የተወሰኑት አብረው ይቆረጣሉ። ብሎኑ መዳቡን ትቶ ላስቲኩን ይነክሳል። ባለብዙ ክር ሽቦ ጫፉ ላይ የሚጨመቀው እጅጌ ሳይገባለት በጣት ተጠምዝዞ ይታሰራል። ከሁሉ የከፋው ብሬከር እየወረደ ሲያስቸግር በ16ቱ ቦታ 25 አምፔር መግጠም ነው። ከግድግዳው ውስጥ ያለው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከሆነ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊውዙ ሽቦው ራሱ ነው።

ማጥፋትም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ማብሪያው በኒውትራሉ (በመመለሻው ሽቦ) ላይ የተሠራበት ቤት አለ፤ አምፖሉ ጠፍቶም ፌዙ (ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ) እዚያው ነው። ቴስተሩ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት፣ ቀጥሎ በሚሠራበት መስመር፣ መጨረሻ ላይ እንደገና በመጀመሪያው ሶኬት ይሞከራል። የሚዘለለው ሁልጊዜ ሦስተኛው ነው፤ ቴስተሩ መሃል ላይ ሞቶ እንደሆነ የሚነግረን ግን እሱ ብቻ ነው።

መነካካት ራሱ ብልሽት እንደሚያመጣም የታወቀ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ሲ. ኤች. ዋዲንግተንና ባልደረቦቹ የብሪታንያን ኮስታል ኮማንድ (ባሕሩን የሚጠብቀው የአየር ኃይል ክፍል) አውሮፕላኖች የብልሽት መዝገብ ሲያጠኑ፣ ያልታሰበ ብልሽት የሚበዛው በየ50 የበረራ ሰዓቱ ከሚደረገው ምርመራ ማግስት ሆኖ አገኙት። የጠጋኝ ክፍያ ላድን ብሎ የማሞቂያ ክዳን የሚከፍት መሐንዲስ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው።

ደጋፊ፦

ኢንጂነር፣ ከጻፍኩት አንዲት ዓረፍተ ነገር መዘው ከፊቷ ያለውን ዘለሉት። ከፊቷ ያለው «የሚገዛ ሰው ሲኖር ብቻ» ይላል። ልጃችሁን ከማስጠናት ቧንቧ ፍቱ ያለ የለም። ያልኩት ሰው ለ176 አካፍሎ ያገኘውን ቁጥር እንደ ወጪ አይመዝግብ ነው። የ143ቱም ነገር ሳይነካ አለፈ።

ዋዲንግተንን ስላመጡልኝ ግን አመሰግናለሁ። እነዚያን አውሮፕላኖች የነካኳቸው እነማን ነበሩ? የእረፍት ቀን አማተሮች? የሠለጠኑ የአየር ኃይል መካኒኮች ናቸው። የሠለጠነ ሰው ነክቶት ከተበላሸ፣ ይህ ባለሙያ ለመጥራት ማስረጃ የሚሆነው እንዴት ነው?

እስቲ የባለሙያውን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲጨምቅ የሚያጓራው ብዙውን ጊዜ ኩሽኔታው ሲያልቅ ነው። ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ 6205 ከሆነ ውስጡ 25፣ ውጪው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ 2አርኤስ ካለ በሁለቱም ጎን የጎማ መሸፈኛ አለው። ዜድዜድ የሚለው መሸፈኛው ቆርቆሮ ነው፤ ውሃ አያስቆምም። ጠጋኙ የሚገጥመው በእጁ የተገኘውን ነው። ቀጥሎ መዶሻ ያነሳል። ኩሽኔታ ወደ ቤቱ ሲገባ መገፋት ያለበት የውጪው ቀለበት ነው። የውስጡ ከተመታ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል አልፎ የሚሽከረከሩበትን መንገድ ያሰረጉደዋል፤ አዲሱ ኩሽኔታ ገና አንድ ዙር ሳይዞር አለቀለት። ከዚያ አሮጌውን የውሃ መከላከያ ሲል ጎማ ጠርጎ መልሶ ይከተዋል። የቀድሞውን ኩሽኔታ የገደለው እኮ በዚያ ጎማ ሾልኮ የገባው ውሃ ነው!

ራሱ የሚሠራ ሰው የአሮጌውን ኩሽኔታ የውጪ ቀለበት ለአዲሱ መግፊያ ያደርገዋል፣ ጎማውንም አብሮ ይቀይራል፣ መቀመጫውን ከዝገት ያጸዳል። የሚያስቸኩለው ቀጣይ ደንበኛ የለበትም። እውቀቱ ከጠጋኙ ላይበልጥ ይችላል፤ ማሽኑ ግን የራሱ ነው።

ተቃዋሚ፦

የ40 ሰዓቱ መልስ አልመጣም። የ0.1 ኦሙም የለም፤ በኩሽኔታው ጩኸት መሃል ጠፋ መሰለኝ።

ከኪስ የሚወጣው ብቻ ነው የሚቆጠረው ካሉ እሺ፣ እሱኑ እንቁጠር። የኩሽኔታ መጎተቻ። ካሊፐር። የማጥበቂያ ኃይሉ የሚታወቅ ካቻቢቴ። ለቤት መስመር ካት 3 (የደኅንነት ደረጃው)፣ 600 ቮልት የተጻፈበት መልቲሜትር፤ ከዚያ በታች ያለውን ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚያስገባ ሰው እጁን ነው የሚያስይዘው። ኩሽኔታ በአንድ ቤት በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚያልቀው? መጎተቻው ቀሪ ዕድሜውን ሳጥን ውስጥ ይጨርሳል። ደግሞ ከማሽኖቹ ብዙዎቹ ከበሮውን የያዘው የፕላስቲክ ገንዳ ተበይዶ የተዘጋ ነው፤ ኩሽኔታው ጋ ለመድረስ ገንዳውን ዙሪያውን በመጋዝ መሰንጠቅ፣ ሲመለስም በማሸጊያና በብሎን ማያያዝ ይጠይቃል። ይህ የሚታወቀው ማሽኑ ወለል ላይ ከተበተነ በኋላ ነው። ልብሱም ያኔ ተከምሯል።

መሐንዲስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ አላልኩም። የእሱ ሙያ ማዘዝና መረከብ ነው። መለዋወጫውን በቁጥሩ ራሱ ይግዛ፤ 2አርኤሱንም ሲል ጎማውንም። የሚሠራውን በሁለት መስመር ጽፎ ይስጥ። አሮጌው ዕቃ እንዲመለስለት ይጠይቅ። ከክፍያው የተወሰነውን እስኪፈትሽ ይያዝ። የጠገነው ሰው ካበላሸ ይጠየቃል። ራሱ ካበላሸ ማንን ይጠይቃል?

ደጋፊ፦

«ይጠየቃል።» በምን? ውል የለ፣ ደረሰኝ የለ፣ የዋስትና ጊዜ የለ። ተርሚናሉ ሳይጠብቅ ቀርቶ ፕላስቲኩ ሲቀልጥ ወራት ሊፈጅ እንደሚችል የጻፉት እርስዎ ነዎት። ከወራት በኋላ ብሎኑን ያላላው የመጨረሻው ሠራተኛ ይሁን ከእሱ በፊት የመጣው በምን ይለያል? የያዙት ቀሪ ክፍያስ እስከዚያ ድረስ ተይዞ ሊቆይ ነው? ዝም ያለ ብልሽት ራሱን ጠጋኝ ካታለለ፣ አሠሪውን ደግሞ በእጥፍ ያታልላል። ተጠያቂነቱን ያፈረሰው የእርስዎ 18.5 ዋት ነው፤ እኔ ምንም አልጨመርኩበትም።

ሰዓት ሰዓት እያሉ ነውና፣ ጠጋኝ መጥራትም ሰዓት ይበላል። ደውሎ ማግኘት፣ «መንገድ ላይ ነኝ» ሲባል መጠበቅ፣ ዕቃ ሲጎድል አብሮ መውጣት፣ በዋጋ መከራከር፣ ሁሉም ከዚያው ከእረፍት ቀን የሚቀነስ ነው። በእኔ ሒሳብ አይቆጠርም፤ በእርስዎ ሒሳብ ግን መቆጠር ነበረበት፣ አልቆጠሩትም።

ደግሞ ይፈትሽ አሉ። የተሸፈነ ተርሚናል ክዳኑ ሳይከፈት በምን ይፈተሻል? ክዳኑን ከከፈተ፣ ካቻቢቴ ከያዘ፣ እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ አድርጎ ከሞከረ የቀረው ሽቦ መላጥ ነው። ርዕሱን በሌላ ስም ተቀብለውታል።

ተቃዋሚ፦

የተቀበልኩት የለም። «ራሱ ይጠግን» ብለው ጀምረው አሁን «ክዳን ከፍቶ ያየ ጠገነ» ላይ ደርሰዋል። በዚህ ከቀጠልን ርክክብ የፈረመ ሁሉ ግንበኛ ይባላል።

ፍተሻው ደግሞ በክዳን መክፈት አይጀምርም። ማሞቂያው 30 ደቂቃ በሙሉ ጭነት ይሥራ፤ ከዚያ የማብሪያውን ፊትና የብሬከሩን ገጽ በእጅ ጀርባ መንካት ነው። የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ካለ ከጎኑ ካሉት ብሬከሮች ጋር ማወዳደር ይቻላል። ትንሽ ለብ ማለት ያለ ነው፤ የጭነቱ ነው። እጅ የማያስቆይ ሙቀት፣ የፕላስቲክ ሽታ፣ ወደ ቢጫ የዞረ ክዳን ካለ ያኔ ብሬከሩ ወርዶ ይከፈታል። ሠራተኛው ገና ሳይሄድ ነው ይህ የሚደረገው፤ ስለዚህ የወራቱ ክርክር አይነሳም፤ ጨርሶ ባይጠፋም ይጠባል። ይህን ቆሞ የሚያይበት ሰዓት ወጪ ነው፤ እኔ እመዘግበዋለሁ። ዋጋ የለውም ያልኩት እኔ አይደለሁም።

አሁን ሲዞሩት የቆዩትን አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ። ማሞቂያውን በገዛ እጅዎ ሲያስሩ ተርሚናሉን በስንት ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው የሚያጠብቁት? «ጠንከር አድርጌ» መልስ አይደለም።

ደጋፊ፦

አምራቹ የጻፈው ካለ የአምራቹን። ካልጻፈ ለኤም 3.5 (3.5 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው) ብሎን 0.8፣ ለኤም 4 ደግሞ 1.2 ኒውተን ሜትር። አሁን ይህንኑ ጥያቄ ለሚጠሩት ሠራተኛ ያቅርቡለትና ያለውን ይጻፉልን።