ክብር ለስኳር ቃሚዎች

ሰው ሁሉ ጫትን ሲያማ ይውላል። ሥራ ያስፈታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ኪስ ያራቁታል ይባላል። ለጥርስ ሐኪሞች የዋለውን ውለታ ግን ማንም አያነሳም። ይህ ግፍ ነው።

እስቲ ወዳጆቻችንን ሥራ ላይ እያሉ እንያቸው። ከምሳ በኋላ ጫማ ይወልቃል፣ ፍራሽ ላይ ጋደም ይባላል። ቀንበጡ እየተቀነጠሰ ወደ አፍ ይገባል። መረር ሲል አንድ ማንኪያ ስኳር ከላይ ጣል። ጉንጭ ይወጠራል። ከዚያ ኮካ ፉት። ስኳር፣ ፉት፣ ጨዋታ። ስኳር፣ ፉት፣ ፍራሹ ላይ ተሠርቶ የሚያልቅ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ። እንዲህ እንዲህ እያለ ይመሻል።

ተራ ሱስ እንዳይመስላችሁ፤ ጥበብ አለበት። አፋችን ውስጥ ምራቅ የሚባል ግትር ዘበኛ አለ። በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ ሊትር ተኩል ይመነጫል፤ ደሞዝ ይጨመርልኝ ብሎ አያውቅም። ባክቴሪያዎች ስኳሩን በልተው አሲድ ሲያመርቱ እሱ ያጥባል፣ አሲዱን ያበርዳል። ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድ መለኪያው (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል)፣ ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ የጥርስ ሽፋን ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል። ምራቅ ካልሲየምና ፎስፌት ይዞ ይመጣና ጉዳቱን ይጠግናል። ጊዜ ከሰጡት ነው ታዲያ። ስኳር አንዴ ቀምሰው ከተዉ፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ነገሩን ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

የኛ ሰው ግን ጊዜ ሲሰጥ አይታይም! ምራቅ ገና እጅጌውን ሲሰበስብ ሁለተኛው ማንኪያ ከች ይላል። ኮካው ደግሞ አሲዱን ራሱ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ፒኤቹ 2.5 አካባቢ ነው፤ ባክቴሪያዎቹን ከድካም ያሳርፋል። ከሁሉም የሚደንቀው ግን ጫቱ ነው። አፍ ያደርቃል። ዘበኛውን በር ላይ አሰናበተው ማለት ነው። አፍ ሲደርቅስ? ሌላ ኮካ ይታዘዛል። እንዲህ የተቀናጀ አሠራር በየትኛው መሥሪያ ቤት አይታችኋል? «ውሃ ብትጠጡስ?» ብትሏቸው መልስ አላቸው፤ «ውሃማ ቤትም አለ።»

አንዱ ተከራካሪ «ማኘክ ራሱ ምራቅ ይጠራል» ይላል። እውነቱን ነው። መፋቂያ የሚያኝክ ሰውም ምራቁን ይጠራል። መፋቂያውን ስኳር ውስጥ የሚነክር ግን እስካሁን አልታየም።

ማታ ጨብሲው ይቀጥላል። ጥርስ ሳይቦረሽ ይተኛል። ተኝተን ሳለ ምራቅ እምብዛም ስለማይመነጭ፣ ጉንጭ ጥግ የተረፈው ስኳር የሚገላምጠው ሳይኖር ሌሊቱን በሰላም ያድራል።

ከዚያ ቅርንፉድ አለ። የተቦረቦረው ጥርስ ላይ ጣል ይደረግና ይነከሳል። ቅርንፉዱ ሲሰንፍ ደግሞ ማስነቀል ነው። ማስሞላት የሚባለውን ነገር የሚያስበው የለም፤ ገንዘቡ ለበርጫ ያስፈልጋላ።

አንድ የሰፈራችን ጀግና በቅርቡ ከግራ በኩል የቀረችውን የመጨረሻ መንጋጋ አስነቀለ። ሐኪሙ ጥጥ አስነክሶት፣ «ቁስሉ እስኪድን ጫት እንዳትቅም» አለው።

ልጁ ጥጡን በጣቱ ገፋ አደረገና፣ «በቀኝ በኩልስ?» አለ።