የወገብ ጨሌ

የምኖረው ለንደን፣ ፔክሃም ነው። ጎረቤቴ ጋናዊት ናት። በቀደም ልጇን ስታጥብ ደረስኩ። ሕፃኗ አራት ወሯ ነው። ወገቧ ላይ አንድ ዙር ጨሌ ታስሯል፤ ቢጫ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ። አያቷ ከአክራ ለአራስ ጥየቃ ሲመጡ ያሰሩላት ነው።

እናቷ ጣቷን በጨሌው ሥር ሰደድ አደረገች። «በቀደም ሁለት ጣት ያስገባ ነበር፤ አሁን አንዱም በግድ ነው» አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ። ክሩ የሚሳብ ላስቲክ አይደለም። ልጅ ሲወፍር ይጠብቃል፣ ሲከሳ ይላላል። ነርሷ በሚዛን የምታየውን እናት በጣቷ ታውቀዋለች።

እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ቀን ክው ነበር ያልኩት። እኛ ቤት ጨሌ ከተባለ ውቃቢ ነው። ደሴ አያቴ ያረፈች ጊዜ ከሣጥኗ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ጨሌ ወጣ። በእጁ የደፈረ ሰው አልነበረም። አክስቴ በእንጨት አንስታ ፌስታል ውስጥ ከተተችው፣ ወንዝ ተጣለ። የውቃቢ ነው? የሙሽርነቷ ጌጥ ነው? የጠየቀ የለም። የሐመር ሴቶችን ጨሌ ባህላችን ብለን ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፤ የገዛ አያታችንን ግን ፈራነው። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እነሱም አገር ጨሌው በደህና ጊዜ ብቻ አልኖረም። ክሮቦ የሚባሉት የጋና ሕዝቦች ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ዲፖ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ልጅቷ ከእናት ከአያት የወረደ ጨሌ ሳይቀር በአንገቷና በወገቧ ደራርባ ትወጣለች። እንግሊዞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 ክሮቦዎቹን ከተራራቸው ሲያስወርዱ ዲፖንም ከለከሉ። አልጠፋም። ዛሬም ይደረጋል። ጨሌውንም ራሳቸው ይሠሩታል፦ አሮጌ ጠርሙስ ሰብረው ይወቅጡታል፣ ዱቄቱን በሸክላ ቅርጽ ይሞሉታል፣ መሐሉ ላይ የካሳቫ ቅጠል አገዳ ይተክላሉ። እሳት ሲገባ አገዳው ይቃጠልና የክሩ ቀዳዳ ይቀራል።

ናይጄሪያ ዮሩባዎቹ፣ ሴኔጋልም ሴቶቹ የወገብ ጨሌ አላቸው፤ ሴኔጋሎቹ ቢን ቢን ይሉታል። ትልቅ ሴት የምታስረው ልብስ ሥር ነው። ጎረቤቴ እንደነገረችኝ ከባሏ በቀር የሚያየው የለም፤ በጨለማ ስትገላበጥ ድምፁ ይሰማል። ድሮ የወር አበባ ጨርቅም በእሱ ነበር የሚያዘው።

እዚህ ለንደን ደግሞ ቦርጭ መቆጣጠሪያ ተብሎ ይሸጣል። መግዛቱ ነውር የለበትም። የሚያሳዝነኝ ሻጩ የማን እንደሆነ እንኳ አለማንሳቱ ነው። ያንን ክር አያት ናት የምታስረው፣ ቋጠሮውንም የምታውቀው እሷ ናት።

ያን ቀን ማታ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ስለዚያ ጨሌ ጠየቅኳት። ዝም አለች።

«ቢጫ ይበዛው ነበር» አለችኝ ቆይታ። «አንዱ ክር ግን አጭር ነበር። የሕፃን ነገር።»