ማስተካከያ፦ የስፖርት ሰዓት ያለበትን ቦታ ለማወቅ የሞባይል ዳታ አያስፈልገውም

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ባሉ ሯጮች ዘንድ በቴሌግራም ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ መልእክት፣ የስፖርት ሰዓት የተሮጠበትን መንገድ አዛብቶ የሚመዘግበው የሞባይል ኔትወርክ ስለሚደክም ነው፤ መፍትሔውም ዳታ መክፈት፣ ካልሆነም ሰዓቱን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ (በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመር) ነው ይላል። ይህ ትክክል አይደለም።

የጂፒኤስ (በሳተላይት ቦታን የማወቂያ ሥርዓት) የቴክኒክ ሰነዶችና የሰዓት አምራቾች መመሪያዎች እንደሚያስረዱት፣ ሰዓቱ ያለበትን ቦታ የሚያሰላው ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች፣ ቢያንስ ከ4ቱ፣ በቀጥታ በሚቀበለው ምልክት ነው። ኢንተርኔት የሚያግዘው በጅማሬው ላይ ብቻ ነው፦ ሰዓቱ ከስልክ ጋር ሲናበብ የሳተላይቶቹን የምሕዋር መረጃ አስቀድሞ ስለሚያወርድ ቦታውን ቶሎ ያገኛል፤ ለብዙ ቀናት ሳይናበብ ከቆየ ግን መረጃውን ከራሳቸው ከሳተላይቶቹ መቀበል ስላለበት፣ ገላጣ ሜዳ ላይ ቆሞ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያሻል። ሳይታገሥ የሮጠ ሰው መነሻው ቢጎድልበት አይገርምም። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድም መስመሩ ሊዛነፍ የሚችለው ተራራው ሰማዩን ስለሚጋርድና ምልክቱ ከዐለት ላይ ነጥሮ ስለሚደርስ ነው፤ የጣርማበር ዋሻ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አይገባም።

የራሳቸው ጂፒኤስ የሌላቸው ሰዓቶች የስልኩን ስለሚጠቀሙ፣ ለእነርሱ ስልክ ይዞ መሮጥና ለመተግበሪያው የቦታ ፈቃድ መስጠት ግድ ነው።

ሰዓቱን ወደ ፋብሪካ ይዞታ መመለስ ወደ ስልክ ያልተላለፉ ሩጫዎችን ስለሚያጠፋ፣ ምክሩን ለመከተል ያሰቡ ሁሉ አስቀድመው መዝገባቸውን ያስተላልፉ።