ይድረስ ለክቡር የማኒፎልድ ትንፋሽ፤ የሲሊንደሮቹን ጭስ ሰብስቦ ወደ ጭስ ማውጫው ከሚልከው ብረት ለሚሾልኩት

ስድስተኛው ሲሊንደር አጠገብ፣ እጅ በማይገባበት ጥግ፣
ባሉበት።

ጉዳዩ፦ ቤት እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከራስ ምታቱ በስተቀር ደህና ነኝ። ራስ ምታቱም የእርስዎ ስለሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ ምስጋናዬ ይድረስዎት። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ መኪና ይዤ ጠዋት ጠዋት ስወጣ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። ቁልፉን አዙሬ ሞተሩ እንደተነሳ ከኮፋኖው ስር «ጢክ ጢክ ጢክ» እያሉ ይቀበሉኛል። እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው የሚመቱት። ነዳጅ ስረግጥ ይፈጥናሉ፣ ስለቅ ይረጋጋሉ። ቤት ውስጥ እንኳን እንዲህ የሚታዘዘኝ የለም።

ችግርዎ ዓይን አፋርነት ነው። ትንሽ ነድቼ መካኒኩ ዘንድ ስደርስ ጭጭ ይላሉ። መካኒኩ ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል። ነዳጅ ይሰጣታል። እንደገና ያዳምጣል። ከዚያ ቀና ብሎ የሚያየው ሞተሩን ሳይሆን እኔን ነው። «ምንም የላትም እኮ» ይለኛል፣ በሽተኛ በሚያባብል ድምፅ። እኔም አንገቴን ደፍቼ እመለሳለሁ። በማግስቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሳ፣ ጢክ ጢክ ጢክ። እንዴት አደርክ ማለትዎ ነው።

ይህን ጥበብዎን እስካውቅ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ለካ መሸሸጊያዎ ሙቀቱ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ማኒፎልድ ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሲጨምር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል። ብረቱ ራሱ አብጦ ቀዳዳዎን ይደፍንልዎታል። ማኒፎልዱ የሚታሰርበት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ግን ውሃ ስለሚያቀዘቅዘው ያን ያህል አይሄድም። አንዱ ይጓዛል፣ አንዱ ይቆማል። ጭስ እንዳያልፍ መሃል የተቀመጠው ስስ ንጣፍ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ጠዋት ማታ ይፈተጋል። ማኒፎልዱም ግሎ ሲቀዘቅዝ፣ ግሎ ሲቀዘቅዝ፣ በስተእርጅናው ጫፍና ጫፉ ይጣመማል። እርስዎ የተወለዱት እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው። መልካም ልደት።

የመጀመሪያ ተጠርጣሪዎቹ ግን የአየርና የጭስ በሮቹን (ቫልቮላዎቹን) የሚገፉት ፑንተሪያዎቹ ነበሩ። ምስኪኖች። ድምፃችሁ ይመሳሰላል። የቫልቮላ ክዳኑን ከፍቼ አንድ በአንድ መረመርኳቸው። በእርስዎ ጥፋት እነሱ ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ እንደገና ታሰሩ። ይቅርታ እንኳን የጠየቃቸው የለም።

መቼ ተያዙ መሰለዎት? ጥላሸትዎን ያየሁ ቀን። ከስድስተኛው ሲሊንደር ጓርኒሲዮን ጠርዝ ተነስቶ ቴስታታው ላይ የተበተነ፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ጥቁር ቅብ ነበር። ስም ማጥፋት እንዳይመስልዎት። ጥላሸት የቀቡት ራስዎ ነዎት። ለማረጋገጥ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የቫክዩም ክሊነሩን የሚነፋውን ወገን ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ሰክቼ በጨርቅ ጠቀጠቅኩት። በየመገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ረጨሁ። አንደኛው፣ ምንም። ሁለተኛው፣ ምንም። ስድስተኛው ጋ ስደርስ አረፋ ደፈቁ።

እኔም እንደማንኛውም ብልጥ ሰው አቋራጭ ፈለግሁ። ቀይ ሲሊኮን ገዛሁ። ማሸጊያው ላይ «ከፍተኛ ሙቀት ይችላል» ይላል። አልዋሸም፤ እስከ 340 ዲግሪ ገደማ ይችላል። የእርስዎ ሰፈር ግን መኪናዋ ዳገት ስትይዝ 600 ያልፋል። ለሦስት ቀን ዝም አሉ። በአራተኛው ቀን ሲሊኮኑ አርሮ፣ ልጣጭ ሆኖ ወደቀ። ቀጥዬ በሙቀት የሚደርቀውን፣ ጭቃ የሚመስለውን የጭስ ማውጫ ማስቲሽ ሞከርኩ። እሱ ደግሞ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ረገፈ። ማስቲሽ በተጣመመ ብረት ላይ ምን ያድርግ? ወይ አልነገሩኝ።

ከዚያ ጉልበት ሞከርኩ። ዳዶውን የባሰ ባጠብቀው መግቢያ ያጣሉ ብዬ መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቼ ተንጠለጠልኩ። መጀመሪያ ዞረ። ቀጥሎ ለስለስ አለ። (ይህን ልስላሴ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልብ ወደ ሆድ የሚወርድበት ቅጽበት ነው።) ጧ! ብሎኑ ተቀንጥሶ ግማሹ መፍቻው ውስጥ ቀረ። ግማሹ ቴስታታው ውስጥ፣ ከፊቱ እኩል ተቆርጦ፣ የሚያዝበት ጫፍ ሳይተው ተኛ። እርስዎም በዚያው ቀን ክፍልዎን አስፋፉ።

ያቺን ቁራጭ ለማውጣት የፈጀሁትን ቀን አልነግርዎትም፤ ይስቁብኛል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት እየረጨሁ ሁለት ሌሊት አሳደርኳት። አልሰማችም። በመጨረሻ በያጁ ቁራጯ ላይ ዳዶ አስቀምጦ፣ በቀዳዳው በኩል ከቁራጯ ጋር በየደው። ቅላቱ እንደጠፋ መፍቻ አግብቶ ትንሽ ወደ ማሰር፣ ትንሽ ወደ መፍታት እያለ ያባብላት ጀመር። ትንፋሼን ዋጥኩ። «ክሩክ» አለች። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ድምፆች ሁሉ ደስ ያለኝ እሱ ነው፤ ከእርስዎ ጢክታ ጋር ሲነጻጸርማ ዜማ ነው።

አሁን ወደ ራስ ምታቱ። እርስዎን ቢያንስ በጆሮ እንሰማዎታለን። የሚልኩት መልእክተኛ ግን አይሰማም፣ አይታይም፣ አይሸትም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሉታል። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ወንበር ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። አሮጊቷ መኪናዬ ደግሞ ጭሱን የሚያጣራ ነገር የላትም። ካታላይቲክ ኮንቨርተር በአሜሪካ መኪኖች ላይ በስፋት የገባው እ.ኤ.አ. በ1975 ሞዴሎች ነው፤ እሷ ከዚያ በፊት የተወለደች ናት። ቢኖራትም እርስዎ ከእሱ በፊት ነው የሚያሾልኩት። በሞተሩና በጋቢናው መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ሽቦ የሚያልፍባቸው ያረጁ ቀዳዳዎች አሉ፤ የእርስዎ ቤት ደግሞ ግድግዳውን ተደግፎ ነው። አንድ ቀን መብራት ላይ ቆሜ ጭንቅላቴን ወጋኝ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። የእርጅና መስሎኝ ነበር። ወጥቼ ንጹሕ አየር ስስብ ለቀቀኝ። ያን ቀን መኪናዋን አቆምኳት። ቀልድዎ እዚያ ላይ አበቃ፣ ክቡርነትዎ።

ስለዚህ ማኒፎልዱን ሙሉ በሙሉ ፈታሁት። አሮጌው ጓርኒሲዮን በዚያ ዘመን እንደነበሩት ብዙዎቹ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አልፋቅኩም፣ በአየርም አልነፋሁም። ማስክ አጥልቄ፣ አርጥቤ አነሳሁት። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ፊቱ ላይ ጋድም አድርጌ ከኋላው ባትሪ አበራሁ። መሃሉ ጨለማ ነው። ስድስተኛው ጋ ብርሃኑ ወለል ብሎ ያልፋል። ስስ መለኪያዎቹን ብሰካ 0.7 ሚሊ ሜትር ዋጠ። በዚያ ሙቀት ይህን ያህል ክፍተት የትኛውም ሲሊኮን አይችለውም። የሚድነው ፊቱ በማሽን ሲታረስ፣ ማለትም ተልጦ ሲስተካከል፣ ብቻ ነው። ብረት የሚያርሰው ቶርኖ ሠሪ የአየር ማስገቢያውንም ማኒፎልድ አብሬ እንዳመጣ አዘዘኝ። ሁለቱ ተያይዘው የሚታሰሩ ስለሆኑ አንድ ላይ ታስረው፣ አንድ ላይ መታረስ አለባቸው። ለየብቻ ቢታረሱ አንዱ ሲነካ ሌላው ይቀራል፤ እርስዎም ሰፈር ቀይረው ይቀጥላሉ። ከፋብሪካ ያለ ጓርኒሲዮን፣ ብረት ለብረት ተገጥመው የወጡ ሞተሮች እንዳሉ የነገረኝም እሱ ነው። ፊቱ ልክ ከሆነ ለእርስዎ በሩ አይከፈትም ማለት ነው።

መልሼ ስገጥም አዲስ ጓርኒሲዮን፣ አዲስ ብሎኖች፣ የማይዝጉ የናስ ዳዶዎች። ሁለቱን ማኒፎልዶች እርስ በርስ ላላ አድርጌ፣ መጀመሪያ ቴስታታው ላይ አሰርኳቸው። ከመሃል ጀምሬ ወደ ጫፍ፣ በሦስት ዙር፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ መፍቻ። ቧንቧውን ለሰው ሰጥቻለሁ። ሞተሩን አሙቄ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ዳግም አጠበቅሁ። ሁለቱ ዳዶዎች ሩብ ሩብ ዙር ሄዱ። የእርስዎ መግቢያ ሊሆኑ እያሟሟቁ ነበር መሰለኝ።

ዛሬ ጠዋት በብርዱ አስነሳኋት። ኮፋኖውን ከፍቼ፣ ጎማ ቱቦ ጆሮዬ ላይ ደግኜ ስድስቱንም አዳመጥኩ። ዝም። ሞተሩ ብቻውን ያንጎራጉራል። እውነት ለመናገር ትንሽ ናፈቁኝ።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ አከራይዎ

ግልባጭ፦
ማኒፎልዱ ከታችኛው ቱቦ ጋር በሚገናኝበት ክፈፍ ላይ ለሚኖሩት ታናሽ ወንድምዎ። እርስዎ ዝም ሲሉ የእሳቸው ድምፅ ተሰምቷል።